ሎቢ በህግ የተፈቀደ ጉቦ ነው ወይ? ስለ ቦይንግ፣ ስለ ሎክሂድና ስለ ህጉ ጽሁፍ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነበር፦ "አሜሪካ ውስጥ ቦይንግ፣ ሎክሂድ ማርቲን ምናምን በየአመቱ ለሎቢ ሚሊዮኖች ያፈሳሉ፣ ይሄ በህግ የተፈቀደ ጉቦ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የማክስ አውሮፕላን ጉዳይ ላይስ እጁ አለበት? ማስቆምስ ይቻላል?" እኔ የምሰራው የመንግስት ግዢና የአቪዬሽን ቁጥጥር ህጎች ላይ ነው፣ ስለዚ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም "አዎ ጉቦ ነው" የሚለውም "አይ ህጋዊ ነው" የሚለውም መልስ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። (አመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሎቢ ማለት ህግ አውጪዎችንና ባለስልጣናትን የማግባባት ስራ ነው። ጉቦ አይደለም፣ ጉቦ ነው ብለህ ከጀመርክ ደሞ መረጃውን የሌለበት ቦታ ስትፈልግ ነው የምትውለው። ለሎቢ ወጣ የሚባለው ብር ሴናተር ኪስ አይገባም፣ የሚሄደው ለደሞዝ ነው፣ ትናንት የኮንግረስ ኮሚቴ ሰራተኛ ለነበሩ ሰዎች፣ ለጠበቆች፣ ለጡረተኛ መኮንኖች። ዜጋም ሆነ ኩባንያ ለመንግስት አቤቱታ ማቅረብ እዛ አገር በህገ መንግስቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ መብት ስለሆነ ሎቢን ከነጭራሹ ማገድ አይቻልም። ያለው ግዴታ ማሳወቅ ነው፦ በ1995 የወጣው ህግ ኩባንያው ስንት እንዳወጣና በየትኛው ጉዳይ ላይ እንደሰራ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፣ ከ2007ቱ ማሻሻያ ወዲህ ደሞ በየሶስት ወሩ። ከፌደራል መንግስት ጋር ኮንትራት ያለው ድርጅት ከራሱ ካዝና ለፌደራል እጩ መዋጮ መስጠት አይችልም፣ ሰራተኞቹ በሚያዋጡበት ፓክ በሚባለው ኮሚቴ በኩል ነው የሚሰጠው፣ እሱም ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ ከ5,000 ዶላር አይበልጥም። የሎቢ ወጪውንም የኮንትራቱ ሂሳብ ውስጥ ጨምሮ ፔንታጎንን ማስከፈል ክልክል ነው።

እውነተኛ ጉቦና ሙስና አልነበረም እያልኩ ግን አይደለም። በ1970ዎቹ ሎክሂድ አውሮፕላን ለመሸጥ ለውጭ ባለስልጣናት ሲከፍል እንደነበር በ1976 በሴኔት ምርመራ ወጣ፣ ጃፓን ውስጥ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካኩኤ ታናካ ታሰሩ፣ ኔዘርላንድ ላይ ደሞ ልዑል በርንሃርድ ከስልጣኖቻቸው ተነሱ፣ አሜሪካም በ1977 ለውጭ ባለስልጣን ጉቦ መስጠትን ወንጀል ያደረገውን ህግ ያወጣችው በዚሁ የተነሳ ነው። ከዛ በኋላ ዳርሊን ድሩይን የምትባል የአየር ሀይሉ ከፍተኛ የግዢ ሀላፊ ነበረች፣ ቦይንግ 100 በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞላ አውሮፕላን ለአየር ሀይሉ ሊያከራይ በሚደራደርበት ሰአት እሷ በመንግስት በኩል ተቀምጣ እዛው ቦይንግ ጋር ስለራሷ ስራ ትነጋገር ነበር፣ በ2004 ዘጠኝ ወር ተፈረደባት፣ የቦይንግ የፋይናንስ ሀላፊም ታሰረ፣ ስምምነቱም ፈረሰ፣ ኩባንያው በ2006 ለዚህና ለሌላ ጉዳይ 615 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ይሄ ወንጀል ነው፣ ሲገኝ ሰው ያሳስራል። አንተ የጠየቅከው ግን ማንም የማይታሰርበትን ነገር ነው፣ እሱ ነው ደሞ አገር የሚቀይረው።

እስቲ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ቦይንግ በ2018 ለሎቢ ያወጣው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። የ2024 የመከላከያ በጀት ፈቃድ ህግ ደሞ 886 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እንዲህ ትንሽ ብር እንዴት ይሄን ያህል ይሰራል? የኔ መልስ፣ ብሩ የሚገዛው ድምጽ ሳይሆን ቦታ ነው፣ ህጉ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ጉዳዩ በደንብ የገባው ብቸኛ ሰው የኩባንያው ሰው እንዲሆን ነው የሚያደርገው። አንድ የኮንግረስ አባል በሳምንት ውስጥ ስለ እርሻ፣ ስለ መድሀኒት ዋጋ፣ ስለ ሳተላይት፣ ስለ ሞተር ድምጽ ሊወስን ይችላል፣ አብረውት የሚሰሩት ልጆች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ደሞዛቸውም ከግሉ ዘርፍ ጋር አይወዳደርም። ኮንግረስ በፊት የራሱ የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ ነበረው፣ በ1972 የተቋቋመ፣ ሳይንቲስትና ኢንጂነር ቀጥሮ "ይሄ የሚሉህ ነገር ትክክል ነው፣ ያኛው ደሞ አይደለም" የሚል። በ1995 በጀት ቁጠባ ተብሎ ተዘጋ። የሎቢ ማሳወቂያ ህጉ የወጣው በዛው አመት ነው፣ እና እኔ ሁለቱን ሁሌ አንድ ላይ ነው የማያቸው፣ ሎቢስቱን መዝግቡ ተባለ፣ ለሎቢስቱ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ባለሙያ ግን ተሰናበተ።

አሁን ወደ ማክስ ልምጣ፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው የሚያጣምመው ነገር አለ።

የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ፣ አውሮፕላን ሲመረመር እያንዳንዷን ቼክ በራሱ ሰው አይሰራም፣ ከድሮ ጀምሮ ውክልና የሚባል ነገር አለ። በፊት ግን ተወካዩ ግለሰብ ነበር፣ ደሞዙን ኩባንያው ቢከፍለውም ኤፍኤኤ መርጦ ይሾመዋል፣ ሪፖርቱንም ለኤፍኤኤ ያደርጋል። በ2005 የወጣው ደንብ ይሄን ወደ ድርጅታዊ ውክልና ቀየረው፣ ኩባንያው ራሱ ሰዎቹን ይመርጣል፣ ራሱ ያስተዳድራል፣ ኤፍኤኤ ደሞ ስርአቱን ከላይ ይቆጣጠራል። ኢንዱስትሪው የፈለገው ለውጥ ነው፣ የራሱም አሳማኝ ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቱም ኤፍኤኤ ያን ሁሉ ኢንጂነር መቅጠር አይችልም። ችግሩ ኢንጂነሩ አንድ ነገር ሲያይ ለማን ነው የሚናገረው የሚለው ነው፣ አለቃው የፕሮግራሙ መዘግየት የሚያስጨንቀው ሰው ሲሆን።

737 ማክስ ሰርተፊኬት ያገኘው በማርች 2017 ነው። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር በአንድ ሴንሰር ላይ ተመስርቶ አፍንጫውን ወደታች መግፋት እንደሚችል ፓይለቶቹ የሚያነቡት ማንዋል ላይ አልነበረም። የተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት ውስጥ እኔን በጣም ያስደነገጠኝ አንድ የኮንትራት አንቀጽ ነው፣ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ ማክስ ላይ የሲሙሌተር ስልጠና ግዴታ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ ቃል ገብቶ ነበር። አስበው እስቲ፣ ስልጠና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ተቆጣጣሪው የሚወስነው የደህንነት ጥያቄ ነው፣ መልሱ ላይ ግን አስቀድሞ ዋጋ ተለጥፎበታል። ኩባንያው ከኤፍኤኤ ሰዎች ጋር ሲነጋገር ይሄ ቁጥር ከጀርባው ነበረ።

ሰዎች የሚያጣምሙት የ2018ቱን ህግ ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 2018 የኤፍኤኤ ማደሻ ህግ ተፈረመ፣ ሴኔት ውስጥ 93 ለ6 ነው ያለፈው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው ህግ ነው፣ ብዙው ስለ ኤርፖርት፣ ስለ ድሮን፣ ስለ መቀመጫ ስፋት ነው። እዛ ውስጥ ግን ኢንዱስትሪው፣ ቦይንግም ጭምር፣ ለአመታት የገፋው ክፍል አለ። ይዘቱ በኔ አገላለጽ ይሄ ነው፦ ኤፍኤኤ የኩባንያውን የአሰራር ማንዋል አንዴ ካጸደቀ በማንዋሉ ውስጥ ያሉትን ተግባራት በሙሉ ሙሉ በሙሉ ለኩባንያው ይወክላል፣ መገደብ የሚችለው ውክልናው ከተሰጠ በኋላ ነው፣ ያውም በኢንስፔክሽን ወይም በሌላ ምርመራ የህዝብ ጥቅምና ደህንነት ይጠይቃል ብሎ ከወሰነ። "ከተሰጠ በኋላ" የምትለዋ ላይ ቆም በል። ማስረጃ የማቅረቡን ሸክም ከኩባንያው ላይ አንስታ ተቆጣጣሪው ላይ የጫነችው እሷ ናት፣ በፊት "አምኜህ እስክሰጥህ ጠብቅ" ነበር፣ አሁን "ሰጥቼሀለሁ፣ መንጠቅ ከፈለግኩ ምክንያት አምጥቼ ነው" ሆነ። ለዚህ ማንም ሴናተር ብር አልተቀበለም። 93ቱ ሴናተሮች ውስጥ ስንቱ ያቺን ሀረግ አስተውሎ እንዳነበባት አንተው ገምት።

ህጉ ከተፈረመ በ24 ቀኑ ላየን ኤር 610 ጃቫ ባህር ላይ ወደቀ፣ 189 ሰው። ማርች 10 ቀን 2019 ደሞ የኢትዮጵያ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ 157 ሰው። ስለዚ የ2018ቱ ህግ ማክስን አላሳለፈም፣ ማክስ ከዛ በፊት አልፏል፣ "ሎቢው ያስወጣው ህግ ነው የገደላቸው" የሚል ጽሁፍ ስታይ አትቀበለው። እውነቱ ከዛ ይከብዳል፦ የቁጥጥሩ መላላት በ2005 ደንብ ሆኖ ገብቶ፣ አመት በአመት ልምድ ሆኖ፣ ችግሩ ከመታየቱ በፊት ደሞ መላላቱ በህግ ይበልጥ እንዲጸና ተደረገ። ሎቢ የሚሰራው እንደዚ ነው፣ አንድ ቀን በሚደረግ አንድ ትልቅ ነገር አይደለም።

ከአደጋዎቹ በኋላ የሆነውም ብዙ ያስተምራል። የሟች ቤተሰቦች፣ ከ302ቱም ጭምር፣ የልጆቻቸውንና የወላጆቻቸውን ፎቶ ይዘው የኮንግረስ ኮሪደር ላይ ተመላለሱ፣ በዲሴምበር 2020 የሰርተፊኬት አሰጣጥ ማሻሻያ ህግ ወጣ፣ ጥሩ ህግ ነው፣ ለደህንነት ወሳኝ የሆነ መረጃ ለኤፍኤኤ ካልተነገረ ቅጣት አለው፣ መረጃ የሚያወጣ ሰራተኛም ጥበቃ ያገኛል። እዛ ውስጥ አንድ ቀነ ገደብ ነበረ፣ ከሁለት አመት በኋላ ዘመናዊ የበረራ ክፍል ማስጠንቀቂያ ስርአት የሌለው አውሮፕላን ሰርተፊኬት አያገኝም የሚል። ማክስ 7 እና ማክስ 10 በቀኑ አልደረሱም። በ2022 ክረምት የቦይንግ ዋና ስራ አስፈጻሚ ዴቭ ካልሁን ነገሩ ካልተፈታ ማክስ 10ን ልንሰርዘው እንችላለን የሚል ነገር ለአቪዬሽን ጋዜጠኞች ተናገረ፣ ይሄ ንግግር የሚሄደው ለጋዜጠኛ አይደለም፣ ፋብሪካና ሰራተኛ ላለበት ወረዳ ተመራጭ ነው። የሟች ቤተሰቦች ተቃወሙ። በዲሴምበር 2022 ከአመቱ መጨረሻ ግዙፍ የበጀት ህግ ጋር ተያይዞ ለሁለቱ ሞዴሎች ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ አለፈ፣ በሴናተር ማሪያ ካንትዌል ግፊት ግን ቅድመ ሁኔታ ገባበት፣ የደህንነት ማሻሻያዎቹ በረራ ላይ ባሉት ማክሶች ሁሉ እንዲገጠሙ። የበጀት ህግ መንግስት እንዳይዘጋ ሲባል ግድ የሚያልፍ ነው፣ ለብቻው ቢቀርብ የሚያከራክር ነገር ሁሉ እዛ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ሎቢስት ዲሴምበርን የሚወደው ለዚህ ነው።

መከላከያው ላይ ስንመጣ ዋናው መሳሪያ ካርታ ነው። ኤፍ-22 ተዋጊ አውሮፕላን ላይ እንየው፣ ክፍሎቹ የሚሰሩት በ44 ስቴቶች ነው ይባል ነበር፣ ሎክሂድ ከ95,000 በላይ ስራ ጋር የተያያዘ ነው ይል ነበር፣ መገጣጠሚያው ጆርጂያ ማሪዬታ ነው፣ ሞተሩ ደሞ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ስለሆነ ከኮኔቲከት ጋር የተያያዘ ነው። በ2009 መከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ 187 ላይ ይቁም አሉ። ወዲያው የጆርጂያው ሪፐብሊካን ሳክስቢ ቻምብሊስና የኮኔቲከቱ ዴሞክራት ክሪስ ዶድ በአንድ ወገን ቆሙ፣ ተጨማሪ 7 አውሮፕላን በ1.75 ቢሊዮን ዶላር በሴኔቱ ኮሚቴ በኩል የመከላከያ በጀት ፈቃድ ህጉ ውስጥ ገባ፣ ፔንታጎን ሳይጠይቅ። ፓርቲ ምናምን እዚ ጋ ቦታ የለውም፣ የሚቆጠረው ፋብሪካው የት እንዳለ ነው። ኦባማ ይሄ ካልወጣ ህጉን አልፈርምም አሉ፣ ጆን ማኬይንና ካርል ሌቪን ተባብረው አንቀጹን አወጡት፣ ጁላይ 21 ላይ 58 ለ40። ምሳሌውን የምወደው ሎቢው የተሸነፈበት ስለሆነ ነው፣ ግን ለማሸነፍ ምን እንደጠየቀ ተመልከት፣ ፕሬዝደንቱ፣ መከላከያ ሚኒስትሩ፣ የሁለቱ ፓርቲ የኮሚቴ መሪዎች አንድ ላይ። ሲ-17 ማጓጓዣ ላይ ያው ጌትስ ይብቃን እያሉ ኮንግረስ ለ2010 በጀት 10 ተጨማሪ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል።

ይሄን ካርታ ኩባንያው ሆን ብሎ ነው የሚስለው። የንዑስ ኮንትራት ስራን ብዙ ቦታ መበተን ዋጋ ያስጨምራል፣ ኢንጂነሪንግ ላይም ጥቅም የለውም፣ ፖለቲካ ላይ ግን ፕሮግራሙን ለመሰረዝ የሚከብድ ያደርገዋል። ሰዎቹን ግን አልኮንንም፣ 400 ሰው የሚቀጥር ፋብሪካ ያለበት ወረዳ ተመራጭ ብትሆን አንተም ስልኩን ታነሳለህ። ጥያቄው አገሪቷ ያን አውሮፕላን ያስፈልጋታል ወይ የሚለው ክርክር በ400 ሰው ደሞዝ መተካቱ ነው።

ከመንግስት ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ መንግስት ስለሚሽከረከረው ሰው ደሞ ብዙ ተብሏል፣ ባጭሩ ልለፈው። ማርክ ኤስፐር የጦር ሰራዊቱ ሚኒስትር፣ ከዛም መከላከያ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት የጦር መሳሪያ አምራቹ የሬይቲዮን ዋና ሎቢስት ነበሩ፣ ሌላው መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን ደሞ ከሬይቲዮን ቦርድ ነው የመጡት፣ ተጠባባቂ ሚኒስትር የነበሩት ፓትሪክ ሻናሃን ከቦይንግ። ለጄነራሎች ከስራ ከወጡ በኋላ የእገዳ ጊዜ አለ፣ ለባለ ሶስትና አራት ኮከብ ሁለት አመት፣ ለባለ አንድና ሁለት ኮከብ አንድ አመት መከላከያውን ሎቢ ማድረግ አይችሉም። ሌላ ቀዳዳ ደሞ የሎቢስት ትርጉም ላይ አለ፣ በ1995ቱ የማሳወቂያ ህግ መሰረት ለአንድ ደንበኛ በሶስት ወር ውስጥ ከሚሰጠው ጊዜ ከ20 ከመቶ በታች ሎቢ ላይ የሚያጠፋ ሰው ሎቢስት ብሎ መመዝገብ የለበትም። "አማካሪ" ይባላል። ስልክ ራሱ ላይደውል ይችላል፣ ማን ጋር፣ መቼ፣ በምን ቃል መደወል እንዳለበት ግን ይነግራቸዋል። ብሪታኒያ ውስጥ ደሞ የ2014ቱ ህግ የሚያስመዘግበው ለሌላ ተቀጥሮ ሎቢ የሚያደርገውን አማካሪ ድርጅት ነው እንጂ የኩባንያውን የራሱን ሰራተኛ አይደለም፣ ስለዚ እዛ ያለውን መዝገብ አይተህ ትልልቆቹ ዝም ያሉ ሊመስልህ ይችላል።

ማስቆም ይቻላል ወይ ላልከው፣ ማስቆም አይቻልም፣ መቋቋም ግን ይቻላል፣ የተሳካበትም ቦታ አለ። አንደኛ ኩባንያ ከኩባንያ ሲጋጭ ነው። በ2015 ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን የባህረ ሰላጤዎቹ አየር መንገዶች፣ ኤምሬትስ፣ ኢቲሀድና ኳታር፣ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ አግኝተዋልና ወደ አሜሪካ በነጻነት እንዲበሩ የሚፈቅደው የአየር ስምምነት ይከለስ ብለው ዘመቱ። ፌዴክስ፣ ጄትብሉ፣ አትላስና ሀዋይያን ደሞ ስምምነቱ አይነካ ብለው ተነሱ፣ በ2018 ያለቀው የሂሳብ ግልጽነት በሚጠይቅ መግባባት ነው፣ ስምምነቱ አልተነካም። ሁለቱም ጋ ባለሙያ ስለነበረ አንዱ የሌላውን ቁጥር ፈተሸው፣ ኮንግረስም ሁለት ወገን ሰማ።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚነካኝ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ኮልጋን 3407 ባፋሎ አቅራቢያ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ቤተሰቦቹ በ2010 ህግ አስወጡ፣ ረዳት ፓይለትም ቢሆን በመርህ 1,500 የበረራ ሰአት ይኑረው የሚል። የክልል አየር መንገዶች ማህበር ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሰአቱ ይቀነስ እያለ ሲገፋ ኖሯል፣ ክርክራቸውም ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም፣ የኮልጋን ሁለቱም ፓይለቶች ከ1,500 ሰአት በላይ ነበራቸው፣ ውድቀቱ የሰአት ሳይሆን የስልጠናና የድካም ነው ይላሉ። ግን ህጉ በታደሰ ቁጥር ቤተሰቦቹ ኮሚቴው ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አንቀጹን በቁጥሩ ያውቁታል፣ የኮሚቴ ሰራተኛ ቢቀየር እነሱ አይቀየሩም። ሜይ 2024 ላይ አዲሱ የኤፍኤኤ ህግ ሲፈረም 1,500 ሰአቱ አልተነካም፣ የፓይለት ጡረታን ከ65 ወደ 67 እናንሳ የሚለውም ሀሳብ አልገባም። በዛው አመት ጃንዋሪ ላይ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 በር መድፈኛ በበረራ ላይ ተገንጥሎ ከሄደ በኋላ ሴናተር ታሚ ዳክዎርዝ ቦይንግ ለማክስ 7 የሞተር ጸረ በረዶ ስርአት የጠየቀውን ነጻ መሆኛ ፈቃድ በይፋ ተቃወሙ፣ ኩባንያውም ጥያቄውን ራሱ አነሳ። እሳቸው ሄሊኮፕተር ፓይለት ነበሩ፣ ሰነዱን አንብበው ምን እንደሚል ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ስለዚ እኔን ምን ይደረግ ብትለኝ ከእገዳ በፊት የምለው ኮንግረስ የዘጋውን የቴክኖሎጂ ቢሮ መልሶ ይክፈት፣ ኤፍኤኤ የሶፍትዌርና የሰው ባህሪ ባለሙያ ከኩባንያው ጋር በሚወዳደር ደሞዝ ይቅጠር፣ የ20 ከመቶዋ ቀዳዳ ትዘጋ ነው። አንተ ራስህ መከታተል ከፈለግክ ደሞ የሩብ አመት ሪፖርቶቹ ከጃንዋሪ፣ ከአፕሪል፣ ከጁላይና ከኦክቶበር 20 በኋላ ለማንም ክፍት ናቸው፣ ስትከፍታቸው የብሩን መጠን አልፈህ "የተለዩ ጉዳዮች" የሚለውን ሳጥን አንብብ፣ የህጉ ቁጥርና አንዳንዴም አንቀጹ ጭምር እዛ ይጻፋል፣ ከዛ የህጉን ረቂቅ ከመጨረሻው ጋር አስተያየው። የአንድ ኩባንያ ስም ይዘህ ከመጣህ አንዱን ሪፖርት መስመር በመስመር አብረን ልናየው እንችላለን።